የሦስት ጣት ጨው

የሜግና ወንዝ ሞልቶ ደጃፍ ሲረግጥ፣
ሩዙ ከነዛላው ከውሃ ሥር ሲሰምጥ፣
በጀልባ መጣች፤ ጆሪና ነው ስሟ፣
ልጇን በሳሪዋ ጠቅልላ፣ አልቆ አቅሟ።
ባዶል ይባላል፤ ሁለት ክረምቱ ነው፤
ቆዳው ሲቆነጠጥ ታጥፎ የሚቀረው።

ባዶል ማለት እኛ ዘንድ ደመና ነው፣ ዝናብ ያረገዘ፤
አሁን ግን ከአልጋው ቀዳዳ ሥር ባልዲ ተያዘ።
እንደ ሩዝ እጣቢ የነጣ ውሃ
ከልጁ ወጥቶ ልጁን አደረገው በረሃ።
ነርሷ ሞምታዝ ባልዲውን በዘንግ ለካች፤
ጻፈች፤ ደግማ ለካች፤ ምንም አላለች።

እኔ የማይክሮስኮፕ ሰው ነኝ፣ ጓዳ ነው ቦታዬ፤
አንጀት ማየት ነው ሥራዬ።
ሰው “አንጀቴን በላኝ”፣ ደግሞ “አንጀቴ ራሰ” ይላል፤
እኔ እንዳየሁት ግን አንጀት ማሳ ይመስላል፦
ሚሊዮን ጣቶች እንደ ሩዝ ችግኝ ቆመው፣
በየጣቱ ላይ ሕዋሳት ጎን ለጎን ተጋጥመው፣
በየሕዋሱ ራስ ላይ ደግሞ ሌላ ጸጉር፣
ከሐር የቀጠነ፣ እንደ ብሩሽ ድርድር።
ከጣቱ ሥር፣ ከጉድጓድ ይወለዳሉ፤ ሽቅብ ይወጣሉ፤
በአራት በአምስት ቀን ከጫፉ ይረግፋሉ።
ዕድሜያቸው ይኸው ነው፣ ከገበያ እስከ ገበያ።
በዚያች ዕድሜ ከወዲህ ይጎርሳሉ፣
ትንሽ ቀምሰው ከወዲያ ለደም ያጎርሳሉ።
ኮሚሽን የማይጠይቅ እንዲህ ያለ ደላላ የት አለ?

ኮሌራ መጣ፣ ጠማማ፣ ባለ አንድ ጭራ፣
በጎርፉ ተሳፍሮ፣ ማንንም ሳይፈራ።
አልነከሰም። ግድግዳ አላፈረሰም።
መርዙን እንደ ቁልፍ ከአንድ በር ሰክቶ ሰበረው፣
በሩ ተበርግዶ ቀረ፤ የሚዘጋው የለም።
ጨው ወጣ፤ ውሃም ጨውን ተከትሎ
የልጁ ወንዝ ልጁን ጥሎ ሄደ፣ ኮብልሎ።

ጆሪና በጀልባው ላይ ውሃ አጠጥታው ነበር። አልያዘለትም፤
ከበሩ ደርሶ፣ ግባ የሚለው አጥቶ ተመለሰ እንጂ አልገባም።

ግን ኮሌራ ያላየው አንድ ጠባብ በር አለ፤
በረኛው ግትር ነው፤ ብቻውን የመጣ እንግዳ አያውቅም፤
ስኳር ያለ ጨው አያልፍም፣ ጨው ያለ ስኳር አይገባም።
ተያይዘው ሲመጡ ግን፣ እንደ ሙሽሪትና ሙሽራ፣
ወለል ይላል፤ ውሃም ይገባል ከነሱ ጋራ።

ሞምታዝ የፈላና የበረደ ውሃ በማሰሮ አመጣች፣
በሦስት ጣቷ ጨው ቆነጠረች፣
የሸንኮራ ጥቁር ስኳር በመዳፏ ዘገነች፣
አማሰለች።
“ቅመሽው” አለች፣ “ጨውነቱ ከእንባሽ እንዳይበልጥ።”
ጆሪና ማንኪያውን ላሰች። ትንሽ ቆየች።
“አይበልጥም” አለች፣ ልኩን እንደሚያውቅ ሰው።

ማንኪያ። ደግሞ ማንኪያ። ሲተፋው ጠብቆ፣ ደግሞ ማንኪያ።
እኩለ ሌሊት መብራት ሄደ፤ በፋኖስ፣ ማንኪያ።
ባልዲው መሙላቱን አልተወም፤ የተሰበረው በር ያው ነው፤
የሚገባው ግን ከሚወጣው
በማንኪያ ልክ፣ በጉንጭ ልክ፣ በለጠው።

ሊነጋ ሲል ባዶል ሸና።
በእናቱ ሳሪ ላይ፣ ሞቅ ያለ፣ ብዙ፤ ዘነበ ያ ደመና!
ጆሪና ሳቀች፤ የጎረቤት አልጋ ሁሉ ቀና አለ።

ከሰዓት በኋላ፣ አላስችል ብሎኝ፣ ስለ በሩ ነገርኳት፤
ስለ ጨውና ስኳር፣ ስለ ግትሩ በረኛ አጫወትኳት።
ዝም ብላ ሰማችኝ፤ ልጇን ወደ ሌላው ጭኗ አዞረች።
“አምና ሴት ልጅ ነበረችኝ” አለች።
“ጨው ነበረኝ። ስኳርም ነበረኝ።
አምና የት ነበራችሁ?”

መልስ የለኝም።
ወደ ጓዳዬ ገባሁ፣ ዐይኔን ከመስታወቱ ላይ አሳረፍኩ፦
መርዝ የቀመሱት ከጫፍ ከጫፉ እየረገፉ ነው፤
ከጉድጓዱ አዳዲሶቹ እየወጡ ነው፣
ስለ ጎርፉ ማንም አልነገራቸውም።